ስልክ ብቻ ይዘን ደሴ ስንገባ

ባለቤቴ ናይሮቢ ውስጥ የገንዘብ ቦርሳ መያዝ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ከጉልቷ ጎመን ነጋዴ ጀምሮ እስከ ቤት ኪራይ ድረስ የምትከፍለው በስልኳ ነው። ኤምፔሳ ኬንያ ላይ ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ እሷ ያኔ ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያ ደሞዟም የገባላት በስልክ ነው። እኔም ከአሥራ አንድ ዓመት ኑሮ በኋላ ያው ኬንያዊ ሆኛለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ቁልፍና ስልክ እንጂ ሌላ አይገኝም።

ደሴ ያሳደገችኝን አክስቴን ልትተዋወቅ ስንነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እዚያም ኤምፔሳ አለ አይደል?»

«አለ» አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥም አለ። ግን «አለ» ማለትና «የአንቺ ይሠራል» ማለት ለየቅል ናቸው። የሰባት ቀናችን ጣጣ ግማሹ የተወለደው ከዚህችው «አለ» ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018፦ አዲስ አበባ

የአውሮፕላን ቲኬቱን የገዛችው እሷ ናት። ከኤምፔሳዋ ጋር የተያያዘ፣ ስልክ ላይ ብቻ ያለ የቪዛ ካርድ ቁጥር አላት፤ ኢንተርኔት ላይ እንደማንኛውም ካርድ ይሠራል፣ በእጅ የሚጨበጥ ፕላስቲክ ግን የለውም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ዓርብ ዕለት ትመጣለች።

የእኔ ኩራት ደግሞ ሌላ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት መጥቼ ስመለስ የተረፉኝን አሥራ አራት የመቶ ብር ኖቶች ናይሮቢ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ኖሯል። «ለታክሲ አንቸገርም» እያልኩ ነው የመጣሁት። ቦሌ ላይ ለሹፌሩ ቆጥሬ ስሰጠው ወደ ብርሃን አንሥቶ አያቸውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ነው» አለኝ። መስከረም 2013 ላይ ኖቱ ተቀይሯል፤ የመለወጫው ጊዜም ሦስት ወር ብቻ ነበር። ዜናውን ናይሮቢ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ከመሳቢያዬ ጋር ግን ማን ያገናኘው!

ለክፉ ቀን የያዝኳት 200 ዶላር ነበረችኝ። ወደ ኤርፖርቱ ባንክ ተመልሼ መቶውን መነዘርኩ፤ ከ14,000 ብር በላይ ቆጠሩልኝ። ያኔ ስመጣ አንድ ዶላር 30 ብር አይሞላም ነበር፤ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ከ140 በላይ ሆኗል። የሁለት መቶ ብር ኖትም በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ለባለቤቴ ግን ነገሩ ቀለላት፤ እነሱ ጋ ዶላሩ 129 ሽልንግ ገደማ ስለሆነ ብርና ሽልንግ ተቀራርበዋል። ዋጋ ሁሉ ያለ ካልኩሌተር ይገባታል፤ ሲወደድባትም ወዲያው ነው የሚታወቃት።

ኢትዮ ቴሌኮም ሱቅ ፓስፖርት አሳይቼ ሲም ገዛሁ፤ የድሮው ቁጥሬ ሳልጠቀምበት ቆይቶ ተዘግቷል። በ*127# ቴሌብር ከፈትኩ። 8,000 ብር ለማስገባት ደግሞ ለወኪሉ ጥሬ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ከጥሬ ገንዘብ ለመገላገል ጥሬ ገንዘብ መክፈሌ አሳቀኝ። እሷ አልሳቀችም፤ «እኛም ጋ እኮ የተጀመረው እንዲሁ ነው» አለች። የባንክ ሂሳብ ልክፈት ብዬ አንድ ቅርንጫፍ ስገባ የጠየቁኝ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ነው። የለኝም። በገዛ አገሬ ቱሪስት መሆኔን ያወቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ማታ የሆቴሉን ሂሳብ በእኔ የባንክ ካርድ ከፈልን፤ ያለ ችግር አለፈ። መቼም ካነሣሁት፦ ውጭ አገር ካርድ ስታስገቡ ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ ላስብልህ ወይስ በእኛ?» ካለ፣ ያላችሁበትን አገር ገንዘብ ምረጡ። ዱባይ ላይ በራሳችን ሽልንግ ይሁን ብለን በምንዛሪው ተቀጥተናል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፦ ኮምቦልቻና ሐረጎ

በመኪና ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የጣርማ በርን ዋሻ ላሳያት እፈልግ ነበር። ግን ጊዜው እንደ ድሮው አይደለምና ቤተሰብ «በአየር ኑ» ስላለ በአየር ሄድን። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ኮምቦልቻ ወረድን።

ከኤርፖርቱ እስከ መናኸሪያ ባጃጅ ያዝን፤ 100 ብር። ልጁ ከመስተዋቱ በላይ የስልክ ቁጥሩን ለጥፏል። «በቴሌብር ይሆናል?» ስለው «አቦ፣ ይሆናል እንጂ!» አለኝ። ከፈልኩ፤ ስልኩ ጮኸ፤ ባለቤቴ ቪዲዮ ቀረጸችን። ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰለን።

ሚኒባሱ ላይ ነው የተበላሸው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች፤ ግን ከ1,850 ሜትር ተነሥቶ ወደ 2,500 ሜትር የሚወጣ ዳገት ነው። ረዳቱ ሂሳብ የሚሰበስበው ደግሞ መኪናው ሐረጎን መጠማዘዝ ሲጀምር ነው። ስልኬን ሳወጣ አየኝና «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ኔትወርክ የለም። ብር የለህም?» አለኝ። ለሁለታችን 140 ነው፤ 200 ሰጠሁት። «መልስ ደሴ» ብሎ ኖቱን በጣቶቹ መካከል አጥፎ ከሌሎቹ ጋር ሰካው። ባለቤቴ እስከ ደሴ ድረስ ዓይኗን ከዚያ እጅ ላይ አልነቀለችም። ናይሮቢም ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች ላይ እንዲሁ በጣት ተሰክቶ ይቆጠር ነበር፤ አሁን ብዙው በስልክ ሆኖ ረስታዋለች።

መንገዱ ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ሲወረድ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ገደል ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እዚያ ትወርዳለህ፣ እዚህ ትወጣለህ። ጭጋግ ሲመጣ ሹፌሩ ጥሩምባውን እያስጮኸ ነው የሚታጠፈው። ከታች በሸሚዝ የተነሣን ሰዎች ላይ ስንደርስ ጃኬት ፈለግን። መልሳችንን 60 ብር ረዳቱ ሳንጠይቀው ሰጠን።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ባለቤቴን አገላብጣ ሳመቻትና ወደ እኔ ዞራ «አንተን አሁን አይደለም የምስምህ፤ ስድስት ዓመት!» አለችኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ ውሃ፣ ከውሃው ቀጥሎ እንጀራ፣ ከእንጀራው ቀጥሎ ቡና። ስለ ገንዘብ ማንም አላነሣም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፦ ደሴ ፒያሳ

ሌሊቱን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጠብሰን አድሮ ጠዋት ፀሐይ ፍለጋ ወደ ፒያሳ ወረድን። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ተከተለን። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ «ወንድም ጋሼ» ነው የሚለኝ።

የመጀመሪያው ኤቲኤም ላይ «ኔትወርክ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለተኛው ካርዴን ተቀበለ፤ 6,000 ብር ጠየቅኩት፤ ውስጡ ተንኳኳ፣ ቆጠረ፣ ጸጥ አለ። አፉን አልከፈተም። ካርዴ ሲወጣ ከኬንያ ባንኬ መልእክት ደረሰኝ፦ ገንዘቡ ከሂሳቤ ተቀንሷል። ቅርንጫፉ ውስጥ ያለችው ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝና «ካርዱን የሰጠዎትን ባንክ ማነጋገር ነው ያለብዎት፤ ይመለሳል» አለች። በእርግጥም ተመለሰ፤ ግን በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ናይሮቢ ከገባን በኋላ። ሦስተኛው ማሽን 4,000 ብር ሰጠኝ። ከዚህ የያዝኩት ነገር ቢኖር በውጭ ካርድ የሚያወጣ ሰው በሥራ ሰዓት፣ ከቅርንጫፍ በር አጠገብ ባለ ማሽን ቢያወጣ ይሻለዋል የሚለውን ነው። ማሽኑ ሲያኮርፍ ቢያንስ የሚሰማህ ሰው አለ።

ከዚያ የኤምፔሳን አረንጓዴ ምልክት አንድ ሱቅ በር ላይ አየችው። እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም። ገብታ ስልኳን አወጣች። የሱቁ ልጅ ቁጥሯን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ የኬንያው ኤምፔሳ የኬንያ ነው፣ የእኛው ከእኛው ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የወሰደ ሌላ ነው። የእሷን ስልክ ይዞ እዚህ ሱቅ መክፈል አይቻልም። «ሞክሼ ናቸው፤ ኪሳቸው ግን ለየብቻ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። ሞክሼ የሚለውን ቃል ወደደችው፤ ቀኑን ሙሉ ስትለው ዋለች።

የስልኳን ቪዛም ሞከርነው። አንድ ሆቴል ፖስ ማሽን አለው ተባልንና ሻይ ጠጥተን ስልኳን ዘረጋች። ሒሳብ ተቀባይዋ ማሽኑን አቅርባ «ካርዱን እዚህ ጋ አስገቢው» አለቻት። የሚገባ ነገር የለማ! ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። ለጉዞ የምትነሡ ሰዎች፣ ስልክ ላይ ብቻ ያለ ካርድ ቲኬትና ሆቴል ከቤት ሆኖ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ፕላስቲኩን የሚተካ አይምሰላችሁ።

ምሳ። ዓርብ ነውና የጾም በያይነቱ ለሦስት ሰው፣ 750 ብር። የቤቱ ግድግዳ ላይ የሦስት ባንክ ሂሳብ ቁጥሮች ተለጥፈዋል፤ በ1000 የሚጀምረው የንግድ ባንኩ ከሁሉ ጎልቶ። ኪሴ ውስጥ ገና ከማሽን የወጣ ብር አለ፤ ልጁ ግን እጄን ያዘኝና በስልኩ ላከ። አስተናጋጁ የስልኩን ገጽ በራሱ ስልክ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። እኛም ተነሣን። «አንዴ ቆዩ» ተባልን። በሐሰት ስክሪንሾት የተበሉ ቤቶች ስላሉ ባለቤትየው ስልኩ ላይ ገንዘቡ መግባቱን ማረጋገጥ አለበት፤ ባለቤትየው ደግሞ ለቅሶ ሄዶ ስልኩን አያነሣም። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። በይቅርታ ቡና አመጡልን። ገንዘቡ ከደረሰ ቆይቷል፤ ያልደረሰው ሰውየው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፦ ሐይቅ

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ነው፤ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በታች። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ ይህን ቀድሜ ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት ብሩም፣ ቴሌብር ያለበት ስልክም፣ ካርዱም እኔ ጋ መሆናቸውን ነው። እሷ ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዛ ተቀመጠች፤ እኔና ልጁ ወደ ገዳሙ ሄድን።

እነ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው። መግቢያውን በጥሬ ብር ከፍለን ደረሰኝ ተቆረጠልን፤ ለገዳሙ መርጃ የሚሆን ግን በባንክም ማስገባት እንደሚቻል ሂሳብ ቁጥሩ ተጽፎ አየሁ። ዘግይተን ስንመለስ ባለቤቴ ከዓሣ ጠባሿ ጋር ሽንኩርት እየላጠች አገኘኋት። መክፈል ስላልቻለች ሳይሆን ቁጭ ብሎ መጠበቁ ሰልችቷት መሆኑን ደጋግማ ነግራኛለች። ሴትዮዋ ግን «ባልሽ ይምጣ፣ የት ይሄዳል፤ ሐይቅ ነው ያለው» ብላታለች። ዓሣው 350 ብር ነበር፤ ትኩስ፣ ከዳጣ ጋር። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ኪሱሙ ላይ ከበላሁት ጋር አላወዳድረውም፤ የሚስቴ አገር ሰዎችም ያነባሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፦ አክስቴ ቤት

የትም አልሄድንም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈላ፤ ጎረቤቶች ተጠሩ፤ ከታች ያሉት ሐጅያም ቂጣ ይዘው መጡ። ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሐጅያ ዱዓ ሲያደርጉ አክስቴ «አሚን» ትላለች፣ አክስቴ ስትመርቅ ሐጅያ። ባለቤቴ ማን የየትኛው እምነት እንደሆነ ለመለየት ሞክራ ትታዋለች።

በዚህ መካከል የቅሬው ጉዳይ ተነሣ። አዲስ አበቤ ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የወር መዋጮው 50 ብር ነው። አክስቴ ከመቀነቷ ጫፍ ፈታችና ለልጇ ሰጠችው፤ ልጇ ብሩን ኪሱ ከትቶ በስልኩ ለቅሬው ጸሐፊ ላከ። ባለቤቴ ገርሟት አየች።

«እኔ ለሱ እሰጣለሁ፣ እሱ ለስልኩ፣ ስልኩ ለቅሬው» አለቻት አክስቴ። «ስልኩ ቢጠፋ ልጁ አለ።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ ራስዎ ስልኩን አይማሩም፣ እትዬ?» አልኳት።

ሣቋ ቀነሰ። በ2014 ጥቅምት ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ፣ ኅዳር 27 እስክትመለስ ድረስ ባንክ ዝግ፣ ስልክም ዝግ ነበር። ሂሳቧ ላይ ገንዘብ ነበራት፤ የበላችው ግን መቀነቷ ላይ የነበረውን ነው። እሱ ሲያልቅ ሐጅያ ጤፍ ሰፍረው ሰጧት፤ ያለ ደረሰኝ። ልጇም የራሱን አከለ፤ በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በመተግበሪያ የለመደ ሁሉ ተቸግሮ በኮከብና መሰላል ኮድ መላክን የተማረው ያኔ ነው። አሁንም መጀመሪያ የሚነካው ኮዱን ነው።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ስለ ጥሬ ብር አላሾፈችም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፦ ባቲ

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ሙቀቱ። ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤ፣ ጨው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በየቋንቋው ይከራከራል። «እዚህ ስልክህን ዝጋው፤ ጥሬ ብር ብቻ ነው» ብዬ ለልጁ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ከስድስት ዓመት በፊት የማውቃትን ባቲ ይዤ። ቡና ላይ፣ ሙዝ ላይ፣ ባርኔጣ ላይ ልክ ነበርኩ። ኪሴም ተራቆተ።

አንድ ሽማግሌ ጨርቅ ዘርግተው ጨሌና የብር ጌጥ ይሸጣሉ። ከመካከሉ ባለቤቴ ደረተ ሙሉ ሴትዮ የተቀረጸችበት ትልቅ ሳንቲም አነሣች። ማርትሬዛ ናት፤ 1780 የሚል ዓመት ያላት፣ አያቶቻችን ከአሞሌ ጨው ጋር ሲገበያዩባት የኖሩ። «6,500» አሉ ሽማግሌው። ባለቤቴ ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ያደገች ናት፤ በጣቶቿ ተከራክራ 5,500 አደረሰችው። እጄ ላይ ያለው ጥሬ ብር 1,100 ነው።

መልሼ ላስቀምጠው ስል ሽማግሌው ከሽርጣቸው እጥፋት ስልክ መዘዙ።

«ቴሌብር የለህም እንዴ?»

ልጁ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ፤ ላኩ፤ ጠበቅን። መልእክቱ ሲገባላቸው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት፤ ከዚያም ሳንቲሟን ጉልበታቸው ላይ አንኳኩተው ድምፅዋን አሰሙንና ሰጡን። ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ ልጁ «ኤርፖርት ላይ የቅርስ ፈቃድ ቢጠይቋችሁስ?» አለ። ባለቤቴ አልተከራከረችም። ማታ ማርትሬዛዋን ለአክስቴ ሰጠቻት፤ አክስቴም በጥርሷ ነክሳ አየቻትና መቀነቷ ላይ ቋጠረቻት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፦ ኮምቦልቻ፣ ናይሮቢ

በጠዋት ወረድን። ሐረጎ ላይ ጭጋግ አልነበረም፤ ቦርከና ወንዝ ከሩቅ ይታያል። ኮምቦልቻ ላይ ቁርስ በልተን የቀረችኝን መቶ ዶላር ባንክ መነዘርኩ፤ ከልጁ ጋር መተሳሰብ አለብኝ። በየቀኑ «ቆይ፣ እኔ እልካለሁ» እያለ የከፈለውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ምሳው፣ የሐይቁ ሚኒባስ፣ የባቲው ኮንትራት፣ ጠቅላላ 6,480 ብር። በጥሬው ስሰጠው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ወንድም ጋሼ፣ እንግዳ እኮ ናችሁ!» ወኪል ፈልጌ ቴሌብሬ ላይ ሞላሁና እሱ ሻንጣ ሲያወርድ በስልኩ ላክሁበት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ አላየውም።

አውሮፕላኑ በር ሳይዘጋ የእኔም ጮኸ። 6,480 ብር ተልኮልኛል። ላኪው እሱ ነው።

ናይሮቢ ስንገባ ለታክሲው ባለቤቴ ቁጥሩን ጠይቃ በአፍታ ከፈለች። እኔ ቤት ደርሼ የኢትዮጵያውን ሲም ከስልኬ አወጣሁ። 6,480 ብሩ አሁንም እዚያው ላይ ነው፤ እዚህ ሙዝ አይገዛም። ሲሟን መሳቢያው ውስጥ፣ ከአሥራ አራቱ የመቶ ብር ኖቶች አጠገብ አስቀመጥኳት። ሳይዘጋ መሄድ አለብኝ።